ሳውንድ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ማይክህን ቁጠር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው። ማይክንና ክራርን ከኮምፒውተር ጋር ስለሚያገናኘው ሳጥን። ሙሉ ስሙ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፣ ገበያ ላይ ግን ሳውንድ ካርድ ነው የሚባለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ረጅም የሆኑትን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ! ዘፈን እጽፋለሁ፣ ቢት በኤፍ ኤል ስቱዲዮ እሠራለሁ፣ አንዳንዴ ክራርም እጫወታለሁ። ማይኬ ቢኤም 800 ነው፣ ከእሱ ጋር ቪ8 የሚባለው ሳውንድ ካርድ አብሮ ተሸጦልኛል። ስቀዳ ግን ድምፄ ቀጭን ነው፣ ከኋላው ሽሽሽ የሚል ነገር አለ። አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜአለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «ስካርሌት ግዛ» ይላል፣ ሌላው «ቤሪንገር ይበቃሃል» ይላል። ምን ልግዛ?
— ግራ የገባው፣ ከሰሚት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቪ8 ልጀምር። መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ የተሠራው ግን ለሌላ ሥራ ነው። ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ ለሚያወራ ሰው ነው። የጭብጨባ ቁልፍ አለው፣ የሳቅ ቁልፍ አለው፣ ኤኮ፣ ብሉቱዝ፣ ስልክ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ምን የሌለው አለ። ማይኩ ግን የሚገባው በትንሿ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ነው፣ እንደ ቢኤም 800 ያለ፣ ለመሥራት ከውጭ ጉልበት የሚሻ ኮንደንሰር ማይክ የሚፈልገው 48 ቮልት ደግሞ በዚያች ጃክ አይመጣም። ማይኩ በቂ ጉልበት ሳያገኝ ሲቀር ድምፁ ይቀጥናል፣ አንተ ከፍ ለማድረግ ስትሞክር ሽሽታውም አብሮ ከፍ ይላል።

ስለዚህ ሳጥኑን መቀየርህ ልክ ነው። ማይኩን ግን ገና አትጣለው። ቢኤም 800 ከታች ባለ ሦስት እግር ኤክስ ኤል አር መሰኪያ አለው። አብሮት የሚመጣው ገመድ በአንድ በኩል ኤክስ ኤል አር፣ በሌላው በኩል ትንሿ ጃክ ነው፤ እሱን አስቀምጠውና በሁለቱም በኩል ኤክስ ኤል አር የሆነ ገመድ ግዛ። ከዚያ አዲሱ ሳውንድ ካርድ ላይ 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ ትጫናለህ። በትልቁ ጃክ እንዲገባልህ ብለህ አስማሚ እንዳትገዛ፣ 48 ቮልቱ የሚወጣው በኤክስ ኤል አሩ በኩል ነው። ይህን ሳያውቅ «አዲሱም አይሠራም» ብሎ ሻጩ ጋ የሚመለስ ሰው አለ።

አሁን ወደ ምርጫው። ጓደኞችህ በስም እየተከራከሩ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ትቀዳለህ? ብቻህን ከሆንክ፣ መጀመሪያ ክራሩን ቀድተህ ቀጥለህ የምትዘፍንበት ከሆነ፣ አንድ መግቢያ ይበቃሃል። እየተጫወትክ የምትዘፍን ከሆነ ሁለት ያስፈልግሃል። ስምንት መግቢያ ያለውን ሳጥን ግን ዩቲዩብ ላይ ስላማረብህ ብቻ እንዳትገዛው። ስድስቱ ቀዳዳ አቧራ ይጠጣል።

ስካርሌት የእንግሊዙ የፎከስራይት ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2023 አራተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። ሶሎ የሚባለው አንድ የማይክ መግቢያና አንድ የጊታር ወይም የላይን መግቢያ አለው። ቱ አይ ቱ የሚባለው ደግሞ ሁለት ማይክ ይቀበላል። ክራርህ በጃክ የሚሰካ ኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ ሶሎው ይሆንሃል፣ ኢንስት የሚለውን ቁልፍ መጫን ብቻ አትርሳ፣ ካልተጫንከው ድምፁ ይደክማል። ክራርህ ያለ ጃክ የሚሰማው፣ በቆዳ የተወጠረው ከሆነ ግን ለእሱም ማይክ ትፈልጋለህ፣ ያኔ ቱ አይ ቱ ነው። አራተኛው ትውልድ ቱ አይ ቱ ጥቂት ሰከንድ ድምፅህን ሰምቶ ጌኑን፣ ማለትም የማይኩ ድምፅ የሚጎላበትን መጠን፣ ራሱ የሚያስተካክልበት ነገርም አለው። ሶሎው ይህ የለውም።

ከቤሪንገር በኩል ዩኤም 2 አለ፣ ዩኤምሲ 202 ኤችዲ አለ። ሁለቱን አንድ አድርገህ እንዳታያቸው። ዩኤም 2 በ16 ቢት የሚሠራ ጀማሪ ዕቃ ነው (ቢቱ ሲበዛ ዝቅ ያለው ድምፅ ጥርት ብሎ ይመዘገባል)፣ ብር ካነሰህ እንጂ አልመክርህም። 202 ኤችዲ ግን ሁለት የማይክ መግቢያ አለው፣ በ24 ቢት ይሠራል፣ የማይክ ማጉያው ሚዳስ የሚባለው የታወቀ የሚክሰር አምራች ንድፍ ነው። ከስካርሌቱ በታች ነው ብሎ የሚያጣጥለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን አንተን ብሆን እሱን እገዛና በተረፈው ብር ክፍሌን አስተካክል ነበር። ዘፈንህን የሚሰማ ሰው በየትኛው ሳጥን እንደቀዳኸው አይለይም፤ ባዶ ክፍል ውስጥ መቅዳትህን ግን ወዲያው ይሰማዋል። ወፍራም መጋረጃ፣ ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን፣ ከጀርባህ የተሰቀለ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ፣ ለመጀመሪያ ይህ ይበቃል። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆንክ ደግሞ የትኛውም ሳውንድ ካርድ አያድንህም፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሻይህን ጠጣ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በ24 ቢት ስትቀዳ ድምፁን ቀዩ መብራት ድረስ መግፋት አያስፈልግም። ጮክ ብለህ ስትዘፍን ጫፉ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ቀይ ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ ድምፆቹን ስታቀናጅ፣ በሚክስ፣ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤቴ ውስጥ መዝሙር እቀዳለሁ። ሳውንድ ካርድ ገዝቻለሁ፣ ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ዊንዶውስ ነው። ስዘምር የራሴን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ እሰማዋለሁ፣ ከሙዚቃው ጋር መሄድ አቃተኝ። ሻጩ «ላፕቶፑ ደካማ ነው፣ ቀይሪው» አለኝ። እውነቱን ነው?
— እህታችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፑን ለመቀየር አትቸኩዪ። ኮር አይ 5 የአንድ ሰው ድምፅ ለመቅዳት አያንስም።

መጀመሪያ ልጠይቅሽ፣ ሄድፎንሽ ብሉቱዝ ነው? ከሆነ ችግሩን አገኘነው። ብሉቱዝ በባሕርዩ ድምፅ ያዘገያል፣ ሳውንድ ካርድ አያስተካክለውም። ባለ ገመድ ሄድፎን ያዢ፣ እሱንም ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ሳውንድ ካርዱ ላይ ሰኪው።

ባለ ገመድ ሆኖም ከዘገየ ወደ ድራይቨሩ፣ ማለትም ሳውንድ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ወደሚያግባባው ፕሮግራም እንሂድ። ድምፅሽ ከማይኩ ተነስቶ ጆሮሽ እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው፤ ሳውንድ ካርዱ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፣ የቀረጻው ፕሮግራም ያልፍበታል፣ ከዚያ በመጣበት ተመልሶ ሄድፎን ላይ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ቁጥሮቹን እንደመጡ አይሸኛቸውም። ተሳፋሪ እስኪሞላ እንደሚቆም ሚኒባስ አጠራቅሞ ነው የሚያንቀሳቅሳቸው። ይህ ማጠራቀሚያ በፈር ይባላል። በ48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ እየተለካ ስትቀጂ፣ በፈሩ 1024 ልኬት ላይ ከተቀመጠ አንዱ ለመሙላት ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ሲገባም ሲወጣም ነውና ከ40 ያልፋል። ዘማሪ ይህን በደንብ ይሰማዋል። 128 ብታደርጊው ግን አንዱ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ከሞላ ጎደል አይታወቅሽም።

በፈሩን ከማውረድሽ በፊት ግን ትክክለኛውን ድራይቨር ጫኚ። ዊንዶውስ ላይ ለቀረጻ የሚፈለገው አሲዮ የሚባለው ነው፣ ኪውቤዝን የሚሠራው ስታይንበርግ ያወጣው። የሳውንድ ካርድሽን ሞዴል ስም ይዘሽ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ግቢ፣ ለዊንዶውስሽ የሚስማማውን አውርጂ፣ ጫኚ፣ ከዚያ የቀረጻ ፕሮግራምሽ ውስጥ የኦዲዮ ማስተካከያው ጋ ገብተሽ በዚያው ስም የተጻፈውን አሲዮ ምረጪ። ብዙ ሰው ዕቃውን ሰክቶ ድምፅ ከሰማ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል፣ እንዲያ ሲሆን ግን የሚሠራው በዊንዶውሱ ተራ ድራይቨር ነው። አምራቹ የራሱ አሲዮ ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ሥራ ያሠራል፣ ግን ከእውነተኛው አይስተካከልም። አዲስ ለሚገዙም የምለው ይህን ነው፦ የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው ዕቃ ግዙ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ከዚያ በፈሩን 128 አድርጊና ሞክሪ። ድምፁ ከተቆራረጠ 256። ቀድተሽ ከጨረስሽ በኋላ ሚክስ ስትሠሪ ወደ 1024 መልሺው፣ ያኔ መዘግየቱ ግድ አይሰጥሽም፣ ላፕቶፑም ይተነፍሳል።

ይህ ሁሉ ራስ ካዞረሽ አቋራጭ አለ። ብዙ ሳውንድ ካርዶች ዳይሬክት ሞኒተር የሚባል ቁልፍ አላቸው። እሱን ስትከፍቺው የማይኩ ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይዞር ከሳጥኑ በቀጥታ ሄድፎንሽ ይገባል። መዘግየት የለም። ይህን ስታደርጊ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የሞኒተር ቁልፍ አጥፊ፣ አለበለዚያ ራስሽን ሁለት ጊዜ ትሰሚያለሽ። አንድ ጉድለት አለው፤ ፕሮግራሙ ላይ ያደረግሽውን ሪቨርብ፣ ያንን የአዳራሽ ማስተጋባት፣ ስትዘምሪ አትሰሚውም። ያለ ሪቨርብ ድምፄ አይወጣም የምትይ ከሆነ ወደ በፈሩ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ 192 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ ሳውንድ ካርድ ከ48ቱ ይሻላል? ሻጮች ቁጥሩን እያዩ ነው ዋጋ የሚጨምሩት።
— ከአዳማ

መልስ፦ አይሻልም። የሰው ጆሮ ጥሩ ነው ከተባለ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው የሚሰማው፣ 48 እስከ 24 ድረስ ይይዛል። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ማይክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ192 አራት እጥፍ ነው፣ ላፕቶፑም ይደክማል። በ48 ቅዳ፣ 24 ቢቱን ግን አትልቀቅ። ለዚያ ቁጥር ብለህ ተጨማሪ ብር አትክፈል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ፖድካስት ጀምረናል። ሹር ኤስ ኤም 7 ቢ ማይክ ከውጭ አስመጣን፣ ዝነኛ ነው ብለው። ሳውንድ ካርዱ ሦስተኛ ትውልድ ስካርሌት ነው። ጌኑን እስከ መጨረሻ ከፍተነው እንኳ ድምፃችን ዝቅ ያለ ነው። ማይኩ ፎርጅድ ይሆን?
— ሁለቱ ወሬኞች፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ኤስ ኤም 7 ቢ ዝነኛ የሆነውን ያህል ድምፁ ደካማ በመሆኑም ይታወቃል። ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌን ይፈልጋል። የእናንተ ሦስተኛ ትውልድ ስካርሌት 56 ላይ ያበቃል። አራተኛው ትውልድ ቱ አይ ቱ 69 ይሰጣል፣ ልዩነቱ ያ ነው።

ሳጥኑን ሳትቀይሩ የሚሆን መፍትሔም አለ፦ በማይኩና በሳውንድ ካርዱ መሃል የምትገባ፣ ከ48 ቮልቱ ጉልበት ወስዳ ድምፁን ከ20 ዴሲቤል በላይ የምታነሳ ትንሽ ማጉያ። ክላውድሊፍተር በጣም የታወቀችው ናት። ከዚያ በፊት ግን በነጻ ሞክሩ፤ ወደ ማይኩ ቅረቡ። አራት ጣት ርቀት ላይ ሆኖ የሚያወራና ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የሚያወራ ሰው እኩል አይሰማም። ገና ያልገዛችሁ ሌሎች ፖድካስተሮች ደግሞ፣ ተራው ኤስ ኤም 58 በአነስተኛ ዋጋ ከዚህኛው ያነሰ ጌን ይፈልጋል፣ ለወሬም አያንስም።

ጥያቄ፦ ስቀዳ «እምምም» የሚል ድምፅ አብሮ ይገባል። መብራትም በየጊዜው ይጠፋብናል። ለዚህ የሚሆን ሳውንድ ካርድ አለ? ሌላው ደግሞ አጎቴ ከጀርመን ፋየርዋየር የሚባል ባለ ስምንት መግቢያ በነጻ ሊልክልኝ ነው፣ ልቀበለው?
— ከጎንደር

መልስ፦ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ቅዳ። እምምሙ ከጠፋ ጥፋቱ የሳውንድ ካርዱ አይደለም፣ ከግድግዳው የሚመጣ 50 ኸርዝ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም፣ ወይም አለው ተብሎ አልተገናኘም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አሠራው፣ ለሕይወትህም ነው። እስከዚያ በባትሪ መቅዳት ይሻልሃል። ስፒከር በሌላ ሶኬት ከሰካህ ወደ አንድ ማከፋፈያ አምጣው፣ እሱም አንዳንዴ ያስተካክለዋል።

ለመብራቱ ጉልበቱን ከዩኤስቢው የሚወስድ ሳውንድ ካርድ ያዝ። ላፕቶፑ እስካለ እሱም አለ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤትም ፀጥ ስለሚል እንዲያውም ጥሩ የመቅጃ ሰዓት ነው፣ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ከሌለህ።

የአጎትህን ስጦታ በተመለከተ፣ አመስግነህ ተወው። ፋየርዋየር እንደ ዩኤስቢ ያለ የቆየ መሰኪያ ነው፣ እሱ ያለው ላፕቶፕ አሁን አይመረትም። አስማሚ ፈልገህ፣ ድራይቨር ፈልገህ፣ መጨረሻ ላይ አቧራ ጠባቂ ይሆናል። አጎትህ ካልከፋው በዚያ ፋንታ ያገለገለ ባለ ዩኤስቢ ይላክልህ። ያገለገለ ስትቀበል ሦስት ነገር እይ፦ ጌኑ ሲዞር አይንኮሻኮሽ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው አይላላ፣ አምራቹ ለዛሬው ዊንዶውስ ድራይቨር ያውጣለት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር በገና እደረድራለሁ፣ ልጆቼም ቀድቼ እንዳስቀምጥላቸው ይወተውቱኛል። የልጄ ማክ ኮምፒውተር አለ። በስልክ ስቀዳው የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው፣ በገናው ይጠፋል። ከዚሁ ዕቃ አንድ ለወንድሜ ልጅ ወደ ደሴ ለመላክም አስባለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ ልክ ናቸው። ስልክ የተሠራው ለንግግር ስለሆነ የበገናን ወፍራም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቀንሰዋል።

እርስዎ እየደረደሩ ያዜማሉ፣ ስለዚህ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ይውሰዱ። አንዱን ኮንደንሰር ማይክ ወደ አፍዎ፣ ሌላውን ዝቅ አድርገው ወደ በገናው ገበቴ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። በገና ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጌኑን ከፍ ማድረግዎ አይቀርም፣ ለዚያ ማጉያው ንጹሕ የሆነ ሳጥን ቢሆን ይመረጣል። ኦዲየንት አይዲ 14 ወይም ሞቱ ኤም 2 ለእንዲህ ያለው ሥራ ደስ ይሉኛል። ለማኩ ጭንቀት የለም፣ ማክ የራሱ የድምፅ ሥርዓት ስላለው ብዙዎቹን ወዲያው ያውቃቸዋል። ሲቀዱ ኤሲውንና ማቀዝቀዣውን ያጥፉ።

አንድ አደራ አለኝ። ልጆችዎ ወይም ሚክስ የሚሠራልዎ ሰው «ጫጫታውን ላጽዳው» ብሎ የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ቢያነሳ እሺ አይበሉት። ከጅማቶቹ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ የሚሰጠው ያ የሚነዝር ዝምዝምታ ለፕሮግራሙ ቆሻሻ ይመስለዋል፣ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። የሚቀረው በገና አይደለም።

ለደሴው ልጅ ጉልበቱን ከዩኤስቢ የሚያገኝ ይላኩለት። እዚያ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 መሆኑ አያሳስብም። በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ግን አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል መጻፉን አይተው ይላኩ። ልጁ ዊንዶውስ ከሆነ የሚጠቀመው፣ ከመግዛትዎ በፊት የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፣ ማደሪያችን ጠባብ ነው፣ ኮምፒውተር የለኝም። አይፎን ብቻ ነው ያለኝ። ግጥም በዋሽንት ታጅቤ መቅዳት እፈልጋለሁ። ሳውንድ ካርድ ስልክ ላይ ይሠራል?
— ባለ ግጥሟ

መልስ፦ ይሠራል የኔ እህት። ያለ ድራይቨር የሚሠራ፣ ክላስ ኮምፕላያንት የሚባለውን ዓይነት ጠይቂ። ስልክሽ አይፎን 15 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ መሰኪያው ዩኤስቢ ሲ ስለሆነ በአንድ ገመድ ይገናኛል። ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ የአፕልን ከላይትኒንግ ወደ ዩኤስቢ 3 የሚቀይረውን የካሜራ አስማሚ ግዢ፣ በጎኑ ቻርጀር የሚገባበት ቀዳዳ ያለውን። ስልኩ ብቻውን 48 ቮልት ለማብራት ጉልበት ሊያንሰው ይችላል፤ ዕቃው እየበራ የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ቦታሽ ጠባብና ሰው የሚበዛበት ስለሆነ ግን ኮንደንሰሩን ተዪው፣ ዳይናሚክ ማይክ 48 ቮልት አይፈልግም፣ የጎረቤት አልጋ ወሬም ብዙ አይሰበስብም።

መቅጃው ጋራዥባንድ ነው፣ በነጻ ታወርጂዋለሽ። ዋሽንት የሚነፋልሽ ሰው አብሮሽ ከሆነ ሁለት መግቢያ ያለው ይሁን፣ ቀድቶ የሚልክልሽ ከሆነ አንድ ይበቃል። ከመጀመርሽ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ግጥሙ መሃል ላይ አሠሪሽ እንዳትደውል።